ለእምነቴ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

«ባቢሎን 5» በተባለው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ ውስጥ ስለሚታየው ምግባርና ሃይማኖት የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ሰው በጽኑ ሲያምን ለእምነቱ የሚከፈል ዋጋ አለ። ዛሬ አብረን እንድንመረምር የምፈልገው ያንን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው። አማኙ ራሱ ነው? ልጁ ነው? ጎረቤቱ ነው? ወይስ በነገሩ ውስጥ እጁ ፈጽሞ ያልነበረበት ሌላ ሰው? ጥያቄው የሃይማኖት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስላችሁ። በሙያው የሚያምን ሐኪም፣ በፍትሕ የሚያምን ዳኛ፣ በሕዝቡ ነጻነት የሚያምን ታጋይ ሁሉ ይህ ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ጥያቄውን የማየው በአንድ የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በኩል ነው፤ ስሙ «ባቢሎን 5» ይባላል። የጠፈር መርከብና የሌላ ዓለም ፍጡር የሚታይበት ድራማ ለሃይማኖትና ለምግባር ትምህርት ምን ይፈይዳል የሚል ሰው ይኖራል። መልሴ እንዲህ ነው፤ የሃይማኖታችን ስም ሲጠራ አብዛኞቻችን ወዲያው ለመከላከል ወይም ለማጥቃት እንነሣለን። ታሪኩ በማናውቀው ሕዝብ ላይ ሲተረክ ግን ልባችን ይከፈታል፤ ረጋ ብለንም እንፈርዳለን። ነቢዩ ናታን በንጉሥ ዳዊት ፊት ቆሞ የድሀውን ሰው በግ ታሪክ የተናገረው በዚሁ ምክንያት ነበር። ዳዊት በማያውቀው ባለጠጋ ላይ ፈረደ፤ ፍርዱም በራሱ ላይ ሆነ። ጥሩ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ይህን የናታንን መንገድ ይከተላል።

ድራማውን ላላያችሁት ጥቂት ልበል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ባቢሎን 5»ን የፈጠረው ጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ ነው። የመክፈቻ ፊልሙ በ1993 ታየ፤ ተከታታዩ ከ1994 እስከ 1998 በአምስት ምዕራፎችና በ110 ክፍሎች ቀረበ። ከ110ሩ 92ቱን የጻፈው ስትራዚንስኪ ራሱ ነው። ዋናው ታሪክ አስቀድሞ የታሰበ በመሆኑ በመጀመሪያው ምዕራፍ የተሠራ ሥራ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሲያስጠይቅ እናያለን። ብዙ ድራማዎች በየሳምንቱ ሁሉን ረስተው እንደ አዲስ ይጀምራሉ። እዚህ ግን የተሠራ በደል አይረሳም፤ የተደረገ ምሕረትም አይጠፋም። ስለ ምግባር ለመናገር ይህ ትልቅ ብልጫ ነው፤ የሥራችን ፍሬ የሚታየው ከጊዜ በኋላ ነውና።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ23ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከ2257 ጀምሮ ነው። የሰው ልጅ ሚንባሪ ከሚባል ሕዝብ ጋር ተዋግቶ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ጦርነቱ ቆመ። ከዚያ በኋላ የተለያዩ ዓለማት ሕዝቦች በሰላም የሚነጋገሩበት፣ ስምንት ኪሎ ሜትር የሚረዝምና ሩብ ሚሊዮን ነዋሪ የሚይዝ የጠፈር ጣቢያ ተሠራ። ከእርሱ በፊት የተሠሩት ሦስቱ በአሻጥር ወድመዋል፤ አራተኛው የደረሰበት ሳይታወቅ ተሰውሯል። በአምስተኛው ጣቢያ ላይ ሰዎች፣ ሚንባሪዎች፣ ሴንታውሪዎች፣ ናርኖች፣ ቮርሎኖችና ሌሎች ብዙ ሕዝቦች የየእምነታቸውን ይዘው አብረው ይኖራሉ።

ስትራዚንስኪ በእግዚአብሔር መኖር እንደማያምን በግልጽ የተናገረ ሰው ነው። ይሁን እንጂ በሚጽፈው የወደፊት ዓለም ውስጥ ሃይማኖትን አላጠፋም። በ1966 የጀመረውን «ስታር ትሬክ»ን ያየ ሰው በዚያ የወደፊት ዘመን የሰው ልጆች ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ምኩራብ ከእይታ የራቁ መሆናቸውን ያስተውላል። ስትራዚንስኪ ግን የሰውን ታሪክ በሐቀኝነት የተመለከተ ጸሐፊ ሃይማኖት ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ ይጠፋል ብሎ ሊጽፍ አይችልም አለ። እርሱ የማያምንበትን ነገር የሚያምኑ ሰዎችን ሲጽፍ አላቃለላቸውም፤ የልባቸውን ቃል በአፋቸው አኖረላቸው። ይህ ራሱ የምግባር ሥራ ነው። የማንቀበለውን ሐሳብ ባለቤቱ «አዎ፣ እኔ የምለው ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ በትክክል ማቅረብ ከራስ ትዕቢት ላይ የሚከፈል ዋጋ አለው።

በ1994 የታየው «የሕልሞች ሸንጎ» የተባለ ክፍል ይህን መንፈስ ያሳያል። በጣቢያው ላይ ሕዝቦች ሁሉ ሃይማኖታቸውን ለሌሎች የሚያሳዩበት ሳምንት ታወጀ። ሴንታውሪዎች በታላቅ ግብዣ፣ ሚንባሪዎች በዝምታና በጸሎት ሥርዓታቸውን አሳዩ። የሰው ልጅ ተራ ሲደርስ የጣቢያው አዛዥ ሲንክሌር እንግዶቹን ወደ አንድ አዳራሽ ይጠራል። በረጅሙ የተሰለፉ ሰዎች ይጠብቋቸዋል። ከሰልፉ መጀመሪያ የቆመው ሰው በፈጣሪ የማያምን ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ካቶሊክ ቄስ፣ ቡድሂስት፣ ሙስሊም፣ አይሁዳዊ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ፣ የግሪክ ኦርቶዶክስ ቄስ፣ የናይጄሪያ ኢቦ ተወላጅ እያለ ሰልፉ ይቀጥላል። አዛዡ አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ ያስተዋውቃል፤ ሰልፉ ሳያልቅ ክፍሉ ያበቃል። ማንም ከማንም በላይ አልተቀመጠም። ማንም ለሌላው ሲባል ከሰልፉ እንዲወጣ አልተጠየቀም።

አብሮ መቆም ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የሚመጣው እምነቶች በአንድ ሕመምተኛ አልጋ ዙሪያ ሲጋጩ ነው።

በዚያው ዓመት «አማኞች» የሚል ክፍል ታየ፤ የጻፈው ዴቪድ ጄሮልድ ነው። ሾን የሚባል ትንሽ ልጅ መተንፈስ አቅቶት ወደ ጣቢያው ሆስፒታል ይመጣል። ዶክተር ስቲቨን ፍራንክሊን በቀላል ቀዶ ሕክምና ሊያድነው እንደሚችል ያውቃል። ወላጆቹ ግን አይሆንም ይላሉ። በእምነታቸው ገላው በስለት የተከፈተ ፍጡር ነፍሱ በዚያው ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀሰው ልጃቸው ሳይሆን ነፍስ የሌለው በድን ነው። እነዚህ ወላጆች ጨካኞች ተደርገው አልተሳሉም። ልጃቸውን ይወዱታል፤ እርሱ ሲያጣጥር አንጀታቸው ይቆረጣል። ወደየአምባሳደሮቹ ሄደው ይለምናሉ፤ አንዱ ለሕዝቤ ምን ይጠቅማል፣ ሌላው ወጪው ስንት ነው፣ ሌላዋ በሰው የነፍስ ጉዳይ አንገባም እያሉ ሁሉም ይመልሷቸዋል።

ሐኪሙ በበኩሉ አዛዡ እንዲፈቅድለት ይጠይቃል። ሲንክሌር ልጁን ራሱን ሄዶ ያነጋግራል፤ ከዚያም አይሆንም ይላል። ዛሬ የአንዱን እምነት በሥልጣኔ ከሻርኩ ነገ የማንን አከብራለሁ የሚል ሐሳብ ይዞታል። ፍራንክሊን ትእዛዙን ጥሶ ልጁን ያክመዋል። ልጁ ይነቃል፤ ይተነፍሳል፤ እኔ ያው እኔ ነኝ ብሎ ወላጆቹን ይጠራል። ወላጆቹ ግን በድንጋጤ ይሸሹታል። ቆየት ብለው ተረጋግተው ይመለሱና የክብር ልብስ ያለብሱታል፤ ልጁን ይዘው ይሄዳሉ። ሐኪሙ ያ ልብስ የሙታን መሸኛ መሆኑን የሚረዳው ዘግይቶ ነው። ሮጦ ሲደርስ ልጁ ሞቷል።

ይህን ክፍል ያየ ሰው ወዲያው ወደ አንዱ ወገን ማድላቱ አይቀርም። እኔ የሁለቱንም ወገን ጥፋት ለይቼ ማየት እፈልጋለሁ። ወላጆቹ ለእምነታቸው ታማኝ ነበሩ፤ የታማኝነታቸውን ዕዳ ግን በልጃቸው ሕይወት ከፈሉ። ሐኪሙ ለሙያው ታማኝ ነበር፤ ወላጆቹ የተናገሩትን ግን ከልባቸው የተናገሩት አድርጎ አልወሰደውም። ልጁ ድኖ ሲነሣ ያ ሁሉ እምነት እንደ ጤዛ የሚረግፍ መሰለው። የሰሙትን ከልቡ ቢያምንላቸው ኖሮ ከሕክምናው በኋላ ልጁን የሚጠብቅ ሰው ያቆም ነበር። ሁለቱም ወገን የራሱን እውነት ጠበቀ፤ ዋጋውን የከፈለው ከሁሉም ያነሰ ድምፅ የነበረው ሕፃን ነው።

በገሃዱ ዓለምም ጥያቄው ቆይቷል። የይሖዋ ምስክሮች ከ1945 ጀምሮ ደም መውሰድን በሃይማኖታቸው ስለከለከሉ በብዙ አገሮች ሐኪሞችና ወላጆች በልጅ አልጋ አጠገብ ተፋጥጠዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1944፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሪንስ የተባለች ሴት በማሳቹሴትስ ግዛት ላይ ባቀረበችው ክርክር ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። ጉዳዩ ሕክምናን አይመለከትም፤ ሃይማኖታዊ ጽሑፍ በመንገድ ላይ እንድታድል ስለተደረገች ሕፃን ነበር። ዳኛ ዋይሊ ራትሌጅ በጻፉት ፍርድ ውስጥ ያለው ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ወላጆች ራሳቸውን ሰማዕት ለማድረግ ነጻ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ልጆቻቸውን ግን ራሳቸው መምረጥ የሚችሉበት ዕድሜ ሳይደርሱ ሰማዕት ለማድረግ ነጻ አይደሉም የሚል ነው። ለዛሬው ጥያቄያችን ከዚህ የጠራ ሕጋዊ መልስ አላውቅም። ሰማዕትነት ክብር የሚሆነው ሰማዕቱ ራሱ ሲመርጠው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ልሻገር። በ1995 የታየው «ኑዛዜና ሰቆቃ» ማርካብ ስለሚባል ሕዝብ ይናገራል። በማርካቦች መካከል ድራፋ የተባለ ወረርሽኝ ገባ፤ የያዘውን ሁሉ ይገድላል፣ አንዱ ከያዘ ለሌላው ይተርፋል። ሕዝቡ ስለዚህ በሽታ የቆየ ታሪክ አለው። በጥንት ዘመን በኃጢአቷ የታወቀች አንዲት ደሴት በዚሁ በሽታ ጠፍታ ነበርና ድራፋ የርኩሶች ቅጣት ነው ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ የታመመ ሰው ይደብቃል፤ ቤተሰብ ያፍራል፤ የአገሩ ሐኪሞችም ስሙን ለመጥራት ይፈራሉ። ምርመራ ሊደረግበት ይገባ የነበረው ጊዜ በዝምታ አለፈ።

በጣቢያው ያሉት ማርካቦች ከሌላው ርቀው፣ ንጹሕ ሆነን በጸሎት ብንቆይ እንድናለን ብለው ራሳቸውን በአንድ ስፍራ ዘጉ። በሽታው ግን አብሯቸው ገብቶ ነበር። በዚህ ጊዜ የሚንባሪዋ አምባሳደር ዴሌንና ረዳቷ ሌኒር አብረዋቸው ለመግባት ፈቃድ ይጠይቃሉ። በሽታው ወደ እነርሱ ይተላለፍ እንደሆነ በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ሲንክሌርን የተካው አዛዥ ሸሪደን ሊያስቀራት ይሞክራል፤ እርሷ ግን የሚሞት ሰው ብቻውን እንዳይሞት ማድረግ የእምነቷ ግዴታ እንደሆነ ትነግረዋለች። ገብታም የታመሙትን ታስታምማለች፤ እናቷ የጠፋችባት ትንሽ ልጅ ታጽናናለች። ዶክተር ፍራንክሊን መድኃኒቱን ሲያገኝ በሩ ይከፈታል። ከዴሌንና ከሌኒር በቀር በሕይወት ያለ አልነበረም። በእናት ምድራቸው ያሉት ማርካቦችም አልቀዋል።

በዚህ ክፍል ሁለት ዓይነት እምነት ጎን ለጎን ቆመው እናያለን። አንደኛው የታመመውን ኃጢአተኛ ብሎ ይሸሻል፤ ሁለተኛው ወደ ታመመው ይገባል። ሁለቱም ይጸልያሉ። ሁለቱም ስለ ቅድስና ይናገራሉ። የሚለያቸው ዋጋው የወደቀበት ቦታ ነው። «የእግዚአብሔር ቅጣት ነው» የሚለው ሰው ራሱ ምንም አይጎድልበትም፤ ቃሉ የሚወድቀው በታማሚው ላይ ነው። አባቶቻችን በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ያሉት ይህን ዓይነቱን ነገር ነው። ዴሌን ግን በሰው ቁስል አጠገብ የራሷን ሕይወት አኖረች።

በ1995 ይህን ክፍል የተመለከተ ሰው ኤድስን ሳያስብ ሊያልፈው አይችልም ነበር። በሽታው በአሜሪካ በሕክምና ጽሑፍ የተዘገበው በ1981 ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተወሰኑ ሰዎች ቅጣት ተደርጎ ብዙ ተወርቶበታል። ይህ ታሪክ የእኛም ታሪክ ነው። ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ1984 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታዩት በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ የነበረውን ዘመን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በሽታው በስሙ አይጠራም ነበር። የሞተው ሰው ቤተሰብ «በሳንባ ነው» ይል ነበር። ዕቃ ይለያል፤ ቤት አከራይ ያስወጣል፤ ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ ከእኩዮቹ ይገለላል። በዝምታችን ዋጋ የከፈለ ብዙ ሰው አለ።

ይሁንና የእኛ ታሪክ ከማርካቦቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ሊነገርም ይገባዋል። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ2005 በነጻ መሰጠት ሲጀምር ብዙ ምእመናን መድኃኒት መዋጥ በጸበል ላይ ያላቸውን እምነት የሚያጎድል መስሏቸው ይተዉት ነበር። በ2007 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም፣ መድኃኒት መውሰድም ኃጢአት እንዳልሆነ በግልጽ ተናገሩ። የሃይማኖት መሪ በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚናገረው ቃል ነፍስ ያድናል። ማርካቦች እንዲህ ያለ ድምፅ ሳያገኙ ጠፉ።

ሦስተኛው ምሳሌዬ በዚያው በ1995 መጨረሻ የታየው «በጌቴሴማኒ ማለፍ» ነው። በጣቢያው ላይ የካቶሊክ መነኮሳት አሉ፤ የመጡበት ምክንያት የሌሎች ዓለማት ሕዝቦች እግዚአብሔርን በምን ስም እንደሚጠሩት ለማወቅ ነው። ከእነርሱ አንዱ ኤድዋርድ ይባላል፤ ብራድ ዱሪፍ ተጫውቶታል። ዴሌንና ሌኒር የእምነቱ ልብ የት እንደሆነ ሲጠይቁት ወደ ጌቴሴማኒ የአትክልት ስፍራ ይወስዳቸዋል። ክርስቶስ በዚያች ሌሊት መሄድ ይችል ነበር፤ አልሄደም፤ ቆየ። ኤድዋርድ በዚያ ስፍራ እርሱ ቢሆን ለመቆየት ድፍረት ይኖረው እንደሆነ አያውቅም።

ከዚያ ነገሩ ይገለጣል። በዚያ ዘመን የሞት ቅጣት በሌላ ቅጣት ተተክቷል፤ የነፍሰ ገዳይ አእምሮ ተፍቆ አዲስ ሰው ይደረጋል፣ ቀሪ ዕድሜውንም በበጎ ሥራ እንዲያሳልፍ ይለቀቃል። ደጉ መነኩሴ ኤድዋርድ ከዓመታት በፊት ሴቶችን የገደለ ሰው ነበር፤ እርሱ ግን አንዱንም አያስታውሰውም። የሟቾቹ ዘመዶች ፈልገው አግኝተው ትዝታው እንዲመለስበት ያደርጋሉ። ያላስታወሰውን ኃጢአት እንዴት ሊናዘዝ ይችላል? ያልተናዘዘውስ እንዴት ይሰረይለታል? ይህ ጥያቄ ያንገበግበዋል። ሊያመልጥ የሚችልበት ጊዜ ነበረው፤ አላመለጠም፤ ቆየ። ዘመዶቹ ይዘው ሰቀሉት፤ የመነኮሳቱ አለቃ ቴዎ አጠገቡ ሆኖ ጸለየለት፤ ኤድዋርድም ሞተ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ስለ ሰማዕትነት ብቻ የሚናገር ይሆን ነበር። ኤድዋርድን የገደለው ማልኮም ተይዞ ያው ቅጣት ተፈረደበት፤ አእምሮው ተፋቀ። አዛዡ ሸሪደን በማልኮም ላይ ብርቱ ቁጣ ይዞታል። በመጨረሻ ቴዎ አንድ አዲስ መነኩሴ ይዞ ይመጣና ያስተዋውቀዋል። መነኩሴው ማልኮም ነው። ቴዎ ወንድሙን የገደለበትን ሰው በገዳሙ ተቀብሎታል፤ ማልኮምም እጁን ለሰላምታ ወደ ሸሪደን ይዘረጋል። ሸሪደን ይቆማል፤ ፊቱ ይጠቁራል። ቴዎ ይቅርታ ከባድ ነገር መሆኑን ያስታውሰዋል። ሸሪደንም በግድ፣ እየከበደው፣ ያንን እጅ ይጨብጣል።

ስለ ይቅርታ ብዙ ስብከት ሰምተናል። ይህ ትዕይንት የሚያስተምረው ይቅርታ ባለዕዳው የማይከፍለው ክፍያ መሆኑን ነው። ይቅር የሚለው ሰው ዕዳውን በራሱ ላይ ያወርዳል። ስለዚህ ይቅርታን ከሌላ ሰው በትእዛዝ መጠየቅ አይቻልም። ለሟቾቹ ዘመዶች «ይቅር በሉ» ብሎ በርቀት የሚሰብክ ሰው በእነርሱ ኪስ ለጋስ መሆን ነው የሚፈልገው። ቴዎ እንዲህ አላደረገም። የራሱን ሐዘን ይዞ የራሱን በር ከፈተ።

የድራማው ትልቁ የምግባር ጉዞ ግን የጂካር ነው። አንድሪያስ ካትሱላስ የተጫወተው ይህ የናርን አምባሳደር በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ በቀል የጠማው፣ ተንኰልም የማይጎድለው ሰው ነው። ሕዝቡ ለረጅም ዘመን በሴንታውሪዎች ቀንበር ሥር ነበር። በ1995 በታየ ክፍል ሴንታውሪዎች እንደገና መጥተው የናርንን ምድር ከሰማይ በተወነጨፈ አለት ደበደቡ፤ ያዙትም። ይህ እንዲሆን መንገድ የጠረገው የሴንታውሪው አምባሳደር ሎንዶ ሞላሪ ነው። በቀጣዩ ዓመት ጂካር የሰውን አእምሮ ሰብሮ ለመግባት የሚያስችል ዕፅ ወስዶ ሎንዶን ያጠቃዋል። በዚያ መካከል የአባቱና የሕዝቡ የጥንት ቅዱስ ምስል ይታየዋል፤ የጥላቻው ሰንሰለት በአንድ ሰው ላይ መበጠስ እንዳለበት ይነገረዋል። ለፈጸመው ጥቃት ሲታሰር በወህኒ ቤት ተቀምጦ መጽሐፍ መጻፍ ይጀምራል።

ልብ በሉ፤ ራእዩን የላከው በጣቢያው ያለው ቮርሎን ኮሽ ነው። ጸሐፊው ራእዩ ከሰማይ ነው አላለንም። ፍሬውን ግን አልካደም። ጂካር ከዚያ ቀን ጀምሮ ይለወጣል። በአምስተኛው ምዕራፍ፣ በ1998፣ ለሎንዶ ሕዝቤ ሕዝባችሁን ይቅር ሊል አይችልም፣ እኔ ግን አንተን ይቅር ልልህ እችላለሁ የሚል ቃል ይነግረዋል። የዚህ ንግግር ሐቀኝነት አስደናቂ ነው። የሞቱትን ወክሎ ይቅርታ አላደለም። በራሱ እጅ ያለውን ብቻ ሰጠ።

በተቃራኒው የቆሙት ቮርሎኖች ናቸው። ለረጅም ጊዜ የብርሃን ወገን ይመስሉናል፤ እያንዳንዱ ሕዝብ ሲያያቸው በራሱ የቅዱሳን አምሳል ያያቸዋል። ሥርዓትን ይሰብካሉ። ባላጋራዎቻቸው ጥላዎች ደግሞ ትግልና ግርግር ደካማውን ያጠነክራል ይላሉ። ክርክራቸው ሲከር ቮርሎኖች ጥላዎች የረገጡትን ዓለም ሁሉ ከነሕዝቡ ማጥፋት ይጀምራሉ፤ ጥላዎችም በአጸፋው ያንኑ ያደርጋሉ። የክርክሩን ዋጋ የሚከፍለው በክርክሩ ውስጥ ድምፅ ያልተሰጠው ሕዝብ ነው። በ1997 በታየው «ወደ እሳቱ» በተባለው ክፍል ሸሪደንና ዴሌን ከሁለቱም ወገን ለመሆን እምቢ አሉ። መልአክ መምሰል ለእውነተኛነት ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው አንድ ኃያል በእጁ ሥር ባለው ደካማ ላይ የሚያደርገው ነው።

እስካሁን ባልኩት ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። በዓለም ላይ ብቻውን ዋጋ የሚከፍል ሰው አለ ወይ? ልጁ ሲመነኩስ እናት ታለቅሳለች። አባት ለእውነት ታስሮ ቤተሰቡ ይራባል። ዴሌን ብትሞት ሕዝቧ አምባሳደሩን ያጣል። ይህ እውነት ነው፤ ቀላል መልስም የለውም። እኔ የምለው እንዲህ ነው። የምንወዳቸው ሰዎች ከእኛ ጋር መሸከማቸው አይቀርም፤ ሸክሙን ግን ከእነርሱ ጋር ልንማከርበት፣ ትልቁን ድርሻ እኛው ልንይዝ፣ «አይሆንም» ለማለት አቅም የሌለውን ደግሞ ፈጽሞ ላንጭንበት ይገባል። ነግ በእኔ የሚለው ያገራችን የፍርድ መለኪያ እዚህ ይሠራል። ዛሬ በሌላው ላይ የምፈርደው በእኔ ቢፈረድ እቀበለው ነበር ወይ?

ሌላው ተቃውሞ ከሃይማኖት ወገን ይመጣል፤ የማያምን ሰው የጻፈው ድራማ ለአማኝ ምን ሊያስተምር ይችላል የሚል ነው። ስትራዚንስኪ ለመነኩሴው ኤድዋርድ የሰጠውን ክብር ብዙ አማኝ ጸሐፊ ለማያምን ሰው አልሰጠም። በ1997 በታየ ሌላ ክፍል ምድር በጦርነት ከተቃጠለች በኋላ ዕውቀትን ጠብቀው ለትውልድ የሚያስተላልፉት መነኮሳት ናቸው። የእኛንም መጻሕፍት ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩልን ገዳማት ናቸውና ይህን ትዕይንት ለመረዳት አንቸገርም። ጸሐፊው እምነትና አእምሮ ተያይዘው ሲሄዱ የሰው ልጅ ሩቅ እንደሚደርስ ያምናል። ይህን ለመቀበል አማኝ እምነቱን፣ ምሁር ዕውቀቱን መጣል አያስፈልገውም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ የሚያዩትን ድራማ አብራችሁ ተመልከቱ፤ ሲያልቅም «ትክክል የነበረው ማን ነው?» ከማለት በፊት «ዋጋውን የከፈለው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። የሃይማኖት አባቶች ሆይ፣ በታመመው፣ በወደቀው፣ በስደት በመጣው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ቃላችሁ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወርድ መዝኑ። ሐኪሞችና መምህራን ሆይ፣ የምታገለግሉት ሰው ስለ እምነቱ ሲነግራችሁ የምሩን እንደሆነ ቁጠሩለት። ሁላችንም በምናምንበት ነገር ጸንተን እንቁም፤ ዋጋው ሲጠየቅ ግን በልጃችን፣ በጎረቤታችን ወይም በጠላታችን ፈንታ ራሳችን እንክፈል።